ያለ ረጅም ውል የሞባይል ጥቅል ለመምረጥ ከየት ልጀምር?

የማታዋ_ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። የ24 ወር ውሌ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ኩባንያው ከወዲሁ እየደወለ «አዲስ ስልክ አለን፣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው» ይለኛል። እኔ ግን መፈረም አልፈልግም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ውሉን በፈረምኩ በ10ኛው ወር ቤት ቀየርኩ። አዲሱ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። ለመደወል መስኮት ከፍቼ፣ አንገቴን ወደ ውጭ አውጥቼ ነው። ላቋርጥ ስል «የቀረውን 14 ወር በሙሉ ክፈዪ» ተባልኩ። ያን ያህል ገንዘብ በአንዴ ስላልነበረኝ በየወሩ መክፈሉን ቀጠልኩ። ለማይሠራ መስመር 14 ወር! እስካሁን ሳስበው አንጀቴን ያሳርረኛል።

አሁን የምፈልገው ወር በወር የምከፍለው፣ ካልተመቸኝ ጥዬው የምወጣው ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን ያስጨንቀኛል። አንደኛ፣ ቁጥሬ መቀየር የለበትም። እናቴ በቃሏ የያዘችው ቁጥር እሱን ብቻ ነው። ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም የሚያገኙኝ በእሱ ነው። ሁለተኛ፣ የምሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ማታ ከቤት ቢደወልልኝ መስማት አለብኝ። የጥቅሎቹ ብዛት ደግሞ ዐይን ያጥበረብራል። ከየት ልጀምር?


ሁለት_ሲም

እህቴ፣ እንኳንም አልፈረምሽ። መጀመሪያ ግን ቃሉን እንለይ። «ውል የሌለው» ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንዱ ቅድመ ክፍያ ነው። ሂሳብ ትሞያለሽ፣ ጥቅል ትገዢያለሽ፣ ሲያልቅ አለቀ። ማንም ዕዳ አይልክብሽም። ሌላው ድህረ ክፍያ ሆኖ ወር በወር የሚታደሰው ነው። እዚያ ላይ ቢል ይመጣል። ለመውጣት ብዙውን ጊዜ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይጠየቃል፤ አንዳንዱም ከመመዝገብሽ በፊት የብድር ታሪክሽን ያያል።

ሰውን የሚይዘው ሦስተኛው ነው። ጥቅሉ ወር በወር ነው፤ ስልኩ ግን የተሰጠሽ በ24 ወይም በ36 ወር ክፍያ ነው። ከመስመሩ ስትወጪ የቀረው የስልኩ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ቅናሹ በየወሩ ከቢሉ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ በወጣሽበት ቀን ይቆማል። ወረቀቱ «ያለ ውል» ይላል፣ አንቺ ግን ታስረሻል። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «ነገ ብወጣ ስንት እከፍላለሁ?» መልሱ «ምንም» ካልሆነ ውል አለው።

የያዝሽው ስልክስ ክፍያው አልቋል?


ቆጣቢዋ

ጥቅል ከማማረጥሽ በፊት ስልክሽ ቅንብሮች ውስጥ ገብተሽ የዳታ አጠቃቀምሽን እዪ። ያለፉትን ሦስት ወራት። ከዋይፋይ ውጭ ያለውን ብቻ። ከዚያ ቁጥሩን ይዘሽልን ነይ።


የማታዋ_ነርስ

ስልኩ ክፍያው አልቋል፣ የራሴ ነው።

ዳታውን አየሁት። አንዱ ወር 4 ጊጋ፣ ሌላው 3 ጊጋ ተኩል። ሦስተኛው 9 ጊጋ ነው፤ ያኔ የቤቴ ዋይፋይ ለ11 ቀን ተበላሽቶ ነበር። የስልክ ጥሪ በወር 200 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስከፍልበት የኖርኩት ጥቅል ግን 40 ጊጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ገብቼ አላየሁትም።


ቆጣቢዋ

አይዞሽ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ስለዚህ የሚበቃሽ 5 ወይም 6 ጊጋ ነው፤ ዋይፋይ በተበላሸ ወር ተጨማሪ ጥቅል ትገዢያለሽ። 9ኙን ጊጋ አይተሽ ደንግጠሽ ትልቁን እንዳትገዢ።

አጠቃቀምሽ ይለወጣል ብለሽ ከሰጋሽ ይህን ያዢ። ቪዲዮ በተለመደ ጥራት በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይበላል። በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል። ሙዚቃ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 60 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ዳታን የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍራፊ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የጥቅሉን የአገልግሎት ዘመን አንብቢ። «ወርሃዊ» ተብሎ 28 ቀን የሆነ ብዙ አለ። በዓመት ውስጥ 28 ቀን 13 ጊዜ ይገባል። 12 ጊዜ የምትከፍዪ እየመሰለሽ 13 ጊዜ ትከፍያለሽ። ሁለት ጥቅል ስታወዳድሪ ዋጋውን ለቀኑ አካፍዪው፣ ያኔ ነው እውነተኛው የሚወጣው። እኔ ለሦስት ዓመት ያህል ርካሽ ነው ብዬ የያዝኩት የ28 ቀን ጥቅል፣ ሳካፍለው ከጎኑ ካለው የ30 ቀን ጥቅል በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ናት። የከፋኝ በግልጽ አለመነገሩ ነው።

የጥሪ አቆጣጠሩንም ጠይቂ። በሰከንድ ነው በደቂቃ? በደቂቃ ከሆነ 1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ያወራሽው 2 ደቂቃ ሆኖ ይቆጠራል። እንዳንቺ አጭር አጭር ጥሪ ለምታደርግ ሴት ይህ ቀላል አይደለም።


መስመር_ዘርጊ

አንቴና ላይ ስወጣና ስወርድ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ ትንሽ ልጨምር። ዋጋውን ለጊዜው ተዪው። አንቺን ያቃጠለሽ ዋጋ አይደለም፣ ሽፋን ነው። ምድር ቤት የማይደርስ ኔትወርክ በነፃም ቢሰጥሽ አይጠቅምሽም።

ኩባንያዎቹ ድረ ገጽ ላይ የሚያሳዩት የሽፋን ካርታ የሚሠራው በስሌት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነግርሽም ደጅ ላይ ያለውን ነው። የአንቺ ግን ጉዳይሽ ግድግዳው ውስጥ ነው። ከ700 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በደንብ ያልፋል። 1800፣ 2100 እና 2600 ብዙ ዳታ ይሸከማሉ፤ ኮንክሪት ሲያገኙ ግን ይደክማሉ። 5ጂ በብዙ ቦታ የሚሠራበት 3500 አካባቢ ያለው ሞገድ ደግሞ ከእነሱም ይብሳል። ስለዚህ «5ጂ አለን» የሚለው ማስታወቂያ ለምድር ቤት ምንም ማለት አይደለም። አንዱ ኩባንያ ሰፈርሽ ላይ ዝቅተኛ ሞገድ አለው፣ ሌላው የለውም። ካርታው ይህን አይነግርሽም።

የሚነግርሽ ሙከራ ነው። ውል የሌለው ጥቅል ትልቁ ጥቅሙ እኮ ይህ ነው። የአሁኑን መስመርሽን ሳትነኪ የሌላውን ኩባንያ ትንሿን የቅድመ ክፍያ ጥቅል ግዢ። ስልክሽ ሁለት ሲም ከያዘ ወይም ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ በኮድ የሚጫን ሲም) ከተቀበለ ሁለቱን ጎን ለጎን አሠሪያቸው። ከዚያ ሳምንት ሙሉ በምትኖሪበት ኑሮ ሞክሪው። ምድር ቤት፣ መኝታ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ እናትሽ ቤት።

ስልኩ አናት ላይ ያሉትን እንጨቶች አትመኚያቸው። እያንዳንዱ ስልክ በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው። ቁጥሩን እዪ። አንድሮይድ ላይ ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ጋ የሲም ሁኔታ ሲከፈት የሲግናሉ ጥንካሬ ይታያል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብለሽ ደውዪ። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ -90 አካባቢ ጥሩ ነው። ከ-110 ካለፈ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል። -120 ላይ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል።


የማታዋ_ነርስ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አሁን ምሳ ዕቃዬን ይዤ ምድር ቤት ቆሜ አየሁት። መድኃኒት ማከማቻው በር ላይ -118 ይላል። ደረጃው ጋ ስደርስ -101። ለካ ሰው ደወልኩልሽ ሲለኝ ውሸቱን አልነበረም!

አንድ ጥያቄ። የራሳቸው አንቴና የሌላቸው፣ የሌላውን ኔትወርክ ተከራይተው የሚሸጡ ርካሽ ኩባንያዎች አሉ። እነሱስ?


መስመር_ዘርጊ

አንቴናው ያው ነው። ሽፋኑም በአብዛኛው ያው ነው። ልዩነቱ ሰው በበዛበት ሰዓት ይመጣል። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የባለቤቱ ደንበኞች ቅድሚያ የሚያገኙበት ጊዜ አለ፤ የተከራዩ ደንበኛ ዳታ ይንቀራፈፋል። አንቺ የምትሠሪው ሌሊት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ባዶ ነው። ለአንቺ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ፣ የማንን ኔትወርክ ነው የተከራዩት? ያ ያስመረረሽ ኩባንያ ከሆነ በሌላ ስም ወደዚያው መስኮት ትመለሻለሽ። ሁለተኛ፣ በዋይፋይ መደወል ይፈቅዳሉ? መሥሪያ ቤትሽ ምድር ቤት ዋይፋይ ካለው፣ በዋይፋይ የሚሄድ መደበኛ ጥሪ ችግርሽን በአንዴ ይፈታዋል። የሚደውልልሽ ሰው አፕ አያስፈልገውም፤ በዚያው ቁጥርሽ ይጠራል። ሁሉም ጥቅል ግን ይህን አያካትትም። የቅድመ ክፍያው ላይ የሚዘጉት አሉ።


ባለ_አሮጌ_ስልክ

ስልኩ የራሴ ነው ብለሻል። የራስ መሆኑና ክፍት መሆኑ ግን አንድ አይደለም። ከኩባንያ የተገዛ ስልክ ለዚያ ኩባንያ ሲም ብቻ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ቢያልቅም ቁልፉ በራሱ ላይከፈት ይችላል። የሌላ ኩባንያ ሲም ከጓደኛ ተቀብለሽ አስገብተሽ እዪ። ካልተቀበለው፣ ውሉ ከማለቁ በፊት፣ አሁን ደንበኛቸው እያለሽ እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። *#06# ብለሽ ስትደውዪ 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሲም ገዝቼ፣ ጥቅል ሞልቼ፣ ቤት ገብቼ ነው ስልኩ «ይህ ሲም አይደገፍም» ያለኝ። የገዛሁት ጥቅል ሳልነካው ጊዜው አለፈ።

የቆየ ስልክ ያላችሁም ስሙኝ። 3ጂ በብዙ አገር እየተዘጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተውታል። 3ጂም 2ጂም በተዘጋበት ቦታ ስልካችሁ ጥሪውን በ4ጂ ላይ ማድረግ ካልቻለ ዳታ እየሠራለት መደወል ያቅተዋል። 4ጂ ስልክ ሁሉ ይህን ይችላል ማለትም አይደለም፤ ኩባንያው ያንን ሞዴል የተቀበለው መሆን አለበት። ኩባንያዎቹ የሚቀበሏቸውን ስልኮች ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ሞዴሉን ፈልጋችሁ ካጣችሁት አትግዙ።


የአምስት_ልጆች_አባት

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ትንሽ በተለየ መንገድ አየዋለሁ። ውል ሁሉ ወጥመድ አይደለም። እኛ ቤት ሰባት መስመር አለ። ሁሉም በአንድ ቢል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሂሳብ አለቀ አላለቀ ብዬ ብከታተል ሌላ ሥራ አልሠራም። ስልኮቹንም በአንዴ አውጥቼ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ወለድ የሌለው የ24 ወር ክፍያ ለእኔ ዓይነቱ ሰው እፎይታ ነው። ኔትወርኩ ቤታችንም ትምህርት ቤቱም ይሠራል። ለምን ልውጣ?


ሁለት_ሲም

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። አንተ ስፍራህን ታውቃለህ፣ ኔትወርኩን ሞክረኸዋል፣ ቤት የመቀየር ሐሳብም ያለህ አይመስልም። እንዲህ ከሆነ ውሉ አይጎዳህም።

ነገር ግን «ስልኩ በነፃ ነው» ሲሉህ ወረቀትና እርሳስ አንሣ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ልስጥህ። ስልክ ያለው ጥቅል በወር 30 ነው እንበል። ያው ደቂቃና ያው ዳታ ያለው፣ ስልክ የሌለው ጥቅል 12 ነው። ልዩነቱ 18። በ24 ወር 432 ይሆናል። መነሻ ብለው 50 ከተቀበሉህ 482። ያ ስልክ ሱቅ ውስጥ ለብቻው 400 ከሆነ 82 ጨምረህ በብድር ገዝተኸዋል ማለት ነው። 500 ከሆነ ደግሞ አተረፍክ፣ ግባበት። ከዚያ አንድ ነገር አትርሳ፦ 24ኛው ወር ሲያልቅ ደውለህ ወደ 12ቱ እንዲያወርዱህ ጠይቅ። ካልጠየቅክ 30ውን መቀበል የሚቀጥሉ አሉ። ስልኩን ጨርሰህ ከፍለህ ሳለ።


የአምስት_ልጆች_አባት

ይህን የመጨረሻውን አላውቅም ነበር። ሁለቱ መስመሮች ከአራት ወር በፊት አልቀዋል። ዛሬውኑ እደውላለሁ።


ጡረተኛው

ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ለዚህች ልጅ ይጠቅማታል።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የእሷን ቁጥር አላዘጋሁም። የቅድመ ክፍያ ነበር። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አልፎ አልፎ ቻርጅ አደርገው ነበር። የጋራ የባንክ ሂሳባችን የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ለወራት ሳልሞላ ቀረሁ። አንድ ቀን ኮድ አስፈልጎኝ ስከፍተው «አገልግሎት የለም» ይላል። በሌላ ስልክ ስደውል አንድ የማላውቀው ወጣት አነሣ። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ልጁ ጨዋ ነበር፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን አጠፋ? ባንኩን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የእሷን ቁጥር ግን መመለስ አልቻልኩም።

የቅድመ ክፍያ መስመር ሳይሞላ ሲቆይ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ይሰጣል። ስንት ቀን እንደሆነ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ደንብ አለው። ጠይቂ፣ ጽፈሽም ያዢው።


የማታዋ_ነርስ

አባቴ፣ ነፍስ ይማርልን። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ስላካፈሉን በጣም አመሰግናለሁ። የእናቴም መስመር እንደዚያው ነው፤ ደዋይ አይደለችም፣ ተቀባይ ናት። መቼ እንደሞላሁላት አላስታውስም። አሁኑኑ ልሙላላት።


ቆጣቢዋ

አባባ፣ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ስልኬ ቀን መቁጠሪያ ላይ ለሁለቱም መስመሮቼ ማስታወሻ አስገባሁ። እናመሰግናለን።

እህቴ፣ ለእናትሽ መስመር ትልቅ ወርሃዊ ጥቅል አትግዢ። ለተቀባይ ሰው የሚበጀው የአገልግሎት ዘመኑ ረጅም የሆነ ሂሳብ ነው፤ 90 ቀን፣ 180 ቀን፣ አንዳንዱ ዓመት የሚቆይ አለ። ጥቅሉና ሂሳቡ ለየብቻ ጊዜ እንዳላቸው ግን አትርሺ።


ፊደል_ወዳጅ

ስለ ቴክስት ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይመለከተናል።

አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ 7 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ 160 ሆሄ ይገባል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል፣ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ባዶ ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። እናትሽ ደህና መሆንዋን የሚጠይቅ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብትጽፊ ሁለት መልእክት፣ አንዳንዴም ሦስት ሆኖ ይቆረጣል። በላቲን ፊደል ጽፈሽ መሃል አንድ የአማርኛ ፊደል ብታስገቢም መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። «100 ቴክስት» ያለው ጥቅል በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው 50 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቴክስት ለምታበዙ ያልተገደበውን እዩ። ፊደላችንን ግን በላቲን እንዳትለውጡት፣ አደራ።


የማታዋ_ነርስ

እኔ ስልኬ ተበላሽቶ ሒሳቤን የሚበላ መስሎኝ ነበር! ስለዚህ ነው 20 የሚሆን መልእክት ልኬ 40 የሚቆጠርብኝ።

«ያልተገደበ» ስትል ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያልተገደበ ዳታ የሚል ጥቅል አይቻለሁ፤ ከ10 ጊጋው ብዙም አይበልጥም። ለምን እሱን አልይዝም?


ቆጣቢዋ

ከስሩ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቢ። ብዙዎቹ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱን ያወርዱታል። ወደ 128 ኪሎቢት ያወርዱታል እንበል። በዚያ ፍጥነት 1 ጊጋ ለማውረድ 17 ሰዓት ያልፋል። 3 ሜጋባይት የሆነች አንዲት ፎቶ 3 ደቂቃ ትወስዳለች። የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል፣ ቪዲዮ እርሺው። ከተወሰነ ጊጋ በላይ ቢል ከሚጨምር ጥቅል ግን ፍጥነቱ የሚወርደው ይሻላል፤ ድንገተኛ ዕዳ የለበትም።

ሆትስፖትንም እዪ። ዳታው ያልተገደበ ሆኖ ለላፕቶፕ ማጋራቱ የተከለከለ ወይም በጥቂት ጊጋ የታጠረ ይኖራል። ውጭ አገር የምትወጪ ከሆነም ሮሚንግ ጨርሶ የሌላቸው ጥቅሎች አሉ። ለአንቺ 4 ጊጋ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግሽም። 6 ጊጋ ውሰጂ፣ ያልተጠቀምሽበት ወደሚቀጥለው ወር የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ እሰየው።


ሁለት_ሲም

ቁጥርሽን ይዘሽ ስለመሄድ። እዚህ ላይ ቀስ በይ።

የድሮውን መስመር መጀመሪያ አታዘጊ። በፍጹም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተናደን ሄደን «ዝጉልኝ» እንላለን፣ ከዚያ አዲሱ ኩባንያ ሄደን «ቁጥሬን አምጡልኝ» እንላለን። የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም። ቁጥሩ በሕይወት እያለ ነው የሚዛወረው። ማዛወሩ ሲያልቅ የድሮው መስመር በራሱ ይዘጋል።

አሠራሩ በየአገሩ ይለያያል፣ የማይቻልበትም አለ። በሚቻልበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የድሮው ሂሳብ ቁጥርና የማዛወሪያ ኮድ ወይም ፒን ነው። ስምሽ ሁለቱም ጋ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መመዝገቡን አረጋግጪ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቂዋለሽ። የእኔ ማዛወር ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ አንዲት ፊደል አንዱ ጋ ድርብ፣ ሌላው ጋ ነጠላ ሆና።

ውልሽ የሚያልቅበትን ትክክለኛ ቀንም ጠይቂ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድመሽ ብታዛውሪ የመውጫ ቅጣት ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የማዛወሩ ቀን የምትሠሪበት ሌሊት አይሁን። ለሰዓታት መስመር ልታጪ ትችያለሽ፣ የባንክ ኮድም በዚያ ሰዓት ላይመጣ ይችላል።


ባለ_አሮጌ_ስልክ

አዲሱ ሲም ላይ ፒን አድርጊበት። ስልክሽ ቢሰረቅ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢከትተው የባንክ ኮድሽን ይቀበላል። ፒን ካለው አይከፈትለትም። ኩባንያው ጋም ያለ ሚስጥር ቁጥር ማንም ሲምሽን መተካት እንዳይችል አስመዝግቢ።

ኢሲም ከሆነ ስልክሽን ስታጸጂ እንዳትሰርዢው። ብዙዎቹ የሚጫኑበት ኮድ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።


የማታዋ_ነርስ

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ስልኬ ተቆልፎ ነበር። ጠይቄ በአራት ቀን ከፈቱልኝ። ከዚያ የሁለት ኩባንያ ትንንሽ ጥቅል ገዛሁ፣ አንዱን በሲም፣ አንዱን በኢሲም። ነባሩን መስመሬን የድሮ ስልኬ ላይ አደረግኩት። ሳምንት ሙሉ ቁጥር ስጽፍ ከረምኩ። የሥራ ባልደረቦቼ የታማሚ ሙቀት የምመዘግብ መስሏቸው ነበር።

ርካሹና ማስታወቂያው የበዛው ምድር ቤት -116። ሌላው፣ ብዙ ስሙ የማይነሣው፣ እዚያው መድኃኒት ማከማቻ በር ላይ -98። ቤቴ መኝታ ክፍል -94። መስኮቱን ዘግቼ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ደወልኩ። ይህን ከአንድ ዓመት በላይ አላደረግኩትም።

የያዝኩት የ30 ቀን የቅድመ ክፍያ ነው፣ 6 ጊጋ፣ ጥሪው በሰከንድ የሚቆጠር፣ በዋይፋይ መደወልም አለው። የምከፍለው ከድሮው ከግማሽ ያነሰ ነው። ውሉ ባለቀ ማግስት፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ቁጥሬን አዛወርኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ 8 ሰዓት ላይ አለቀ። መጀመሪያ የደወለችው እናቴ ናት። «ዛሬ ድምፅሽ ቅርብ ነው» አለችኝ። የእሷንም ሞላሁላት፤ 180 ቀን የሚቆይ። ማስታወሻውን በ150ኛው ቀን አድርጌዋለሁ።

አባቴ ጡረተኛው፣ እርስዎስ አሁን የያዙት መስመር እንዴት ነው?


ጡረተኛው

ደስ ብሎኛል ልጄ። የእኔ ሳሎን ደህና ነው፣ መኝታ ቤት ግን ይጠፋል። እኔ እርጅና ነው፣ ጆሮዬ ነው እል ነበር። ያን ቁጥር የት ነው የማየው? ስልኬ አንድሮይድ ነው።


የማታዋ_ነርስ

ቅንብሮች ይክፈቱ። እስከ ታች ይውረዱና «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይጫኑ። እዚያ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚል አለ፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ «ሁኔታ» ብቻ ይላል። የሲግናል ጥንካሬ ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ አንድ ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይዩት።


ጡረተኛው

ሳሎን -97። መኝታ ቤት -119። ጆሮዬ አልነበረም። ነገ የልጅ ልጄ ስትመጣ ያንቺን ዓይነት ሲም እንሞክራለን።